ያጠብኳቸው ቫልቮች

«በሰባ ዓመትህ ሌባ! አንዱ ቫልቭ የማይረባ መሆኑን እያወቅህ ነው የሸጥክልኝ!»

«ኮቴን ልቀቅና እንነጋገር።»

«ምን እንነጋገራለን? ነደደ እኮ! አይሸትህም?»

ይሸት ነበር። የተቃጠለ ሽቦና ቫርኒሽ ሽታ ክፍላችንን ሞልቶት፣ መስኮቱን ብንከፍተውም አልወጣም። ወንድሜ የሽማግሌውን ኮሌታ በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዟል። ከጉዱማሌ ሜዳ ወዲያ ካለው ቤታቸው በራሱ ባጃጅ ሲያመጣቸው «ጋሼ፣ እርስዎ» እያለ ነበር። ደጃፋችን ሲደርሱ «አንተ» ሆኑ። እሳቸው ለእርዳታ የተጠሩ መስሏቸው የቫልቭ መፈተሻቸውን በፎጣ ጠቅልለው በብብታቸው ይዘው መጥተዋል።

በመካከላቸው፣ በሁለቱ አልጋዎች መሃል፣ የወንድሜ አምፕሊፋየር ጀርባው ተከፍቶ ተጋድሟል። ወንድሜ በሳምንት ስድስት ቀን አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈራችን ባጃጅ ይነዳል። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ጊታር ይመታል። ይህን የድምፅ ማጉያ ሳጥን የገዛው ከፈረሰ የሆቴል ባንድ ነው። እንደ ድሮ ሬዲዮ በመስታወት ቫልቭ የሚሠራ፣ ከብዶ ወገብ የሚቆርጥ ነገር ነው። ድምፁ ግን ሲሞቅ ሰው ያስለቅስ ነበር። ሁለት እሁድ በመዝሙር መሃል ጸጥ ብሎበት ያውቃል። የመዘምራኑ ኃላፊ በሰው ፊት፣ «ሦስተኛ ጊዜ ከሞተ ይቅርብን፤ ኪቦርዱ ውስጥ የጊታር ድምፅ አለ» አለው። ወንድሜ ያን ቀን ቤት ገብቶ እራት አልበላም። ጣቱን እያየ ተቀመጠ።

ስለዚህ ባለፈው ሳምንት አብረን ሽማግሌው ዘንድ ሄድን። በከተማው ሬዲዮ ሲጠግኑ ነው ያረጁት። ከአልጋቸው ሥር በጋዜጣ የተጠቀለሉ አሮጌ ቫልቮች የሞሉበት የእንጨት ሳጥን አወጡ። አንድ በአንድ መፈተሻው ላይ እየሰኩ፣ እስኪሞቅ እየጠበቁ፣ በእርሳስ ጫፍ ኳ ኳ እያደረጉ የመርፌዋን ንባብ መስታወቱ ላይ በብዕር ጻፉ።

«የእናንተ ሳጥን ሁለት እኩል ይፈልጋል» አሉን። «ቃሬዛ እንደሚሸከሙ ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ከለገመ ሸክሙ ሁሉ በሌላው ትከሻ ይወርዳል። ከዚያ በሽተኛውም ተሸካሚውም አንድ ላይ ነው የሚወድቁት።»

ከአሥራ አንድ ቫልቭ በኋላ ሠላሳ ሰባት የሚሉ ሁለት ተገኙ። ወንድሜ ሳማቸው። ሽማግሌው ስቀው ሃያ አራትና ሃምሳ ሁለት የሚሉ ሌሎች ሁለት ጨመሩለት። «እነዚህ ለሳጥንህ አይሆኑም፤ ለሬዲዮ ይሆኑሃል» አሉት።

ሐሙስ ዕለት ወንድሜ ሥራ ሄዶ እኔ ብቻዬን ነበርኩ። አራቱም ቫልቮች የብዙ ዓመት አቧራና ቅባት ይዘዋል። እንዲደሰት ፈለግሁ። ስፖንጅ ነክሬ፣ ፈሳሽ ሳሙና ጠብ አድርጌ አጠብኳቸው። ሳህኑ ውስጥ ያለው ውኃ ሰማያዊ ሆነ። እጄ ላይ አራት ንጹሕ፣ አንድ ዓይነት፣ ቁጥር የሌላቸው መስታወቶች ቀሩ።

ወንድሜ ሲናደድ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። አንድ ጊዜ ቻርጀሩን ስላቃጠልኩበት ጭንቅላቴን ከግድግዳ ጋር አጋጭቶታል። ደግሞም በዓይኔ እተማመን ነበር። ሰው የማያየውን አያለሁ ብዬ ግጥም የምጽፍ ሰው ነኝና፣ ይቺ ጭረት ያላት ሠላሳ ሰባት ናት፣ ይቺም ወገቧ ጠቆር ያለው ጓደኛዋ ናት አልኩ። ብዕሬን አንስቼ ቁጥሮቹን መልሼ ጻፍኩ። ለማንም አልተናገርኩም።

ቅዳሜ ጠዋት ወንድሜ ሰክቷቸው ሁለት ስንኝ ሳይጨርስ ከቫልቮቹ በአንዱ ውስጥ ያለው ብረት እንደ ከሰል ፍም ቀላ። ሳጥኑ ጓጎረ። ከዚያ ትራንስፎርመሩ ጨሰ፤ ወንድሜም ሽማግሌውን ሊያመጣ በባጃጁ ወጣ።

«አፊኒ?» አሉ ሽማግሌው፣ ኮሌታቸው እንደተያዘ። ሰምታችኋል ወይ ማለት ነው፤ የሲዳማ አዛውንት ነገር ከመክፈቱ በፊት እንዲህ ይጠይቃል።

«ምንም አልሰማም!»

«እንግዲያው ቫልቩን ስጠኝና ልየው።»

ወንድሜ በአንድ እጁ ኮሌታውን እንደያዘ በሌላው አቀበላቸው። ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አደረጉት።

«ይህ ሰባት የእኔ አይደለም። እኔ ሰባትን መሃሉን ሰርዤ ነው የምጽፈው።»

ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። ብዙም አልቆዩ፤ ገባቸው። አፌን ልከፍት ነበር። በወንድሜ አንገት ላይ የተወጠረውን ሥር አየሁና ዓይኔን ወደ ወለሉ መለስኩ።

«ደግሞ የገዛ ጽሑፍህን ትክዳለህ!» ብሎ ገፈተራቸው።

ወደ ኋላ ሄዱ። ተረከዛቸው የሳጥኑን ጠርዝ መታ። ሲወድቁ መፈተሻው ከሥራቸው ነበር። የመርፌዋ መስታወት በክብደታቸው ሲሰባበር ሰማሁት። እጃቸውን ሲያነሱ ከአውራ ጣታቸው ሥር ደም ወደ ክንዳቸው ይወርድ ነበር።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «አጥቤያቸው ቁጥሩ ጠፋ። እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

ወንድሜ ዞረ። የመጀመሪያው ቡጢ ከንፈሬ ላይ፣ ሁለተኛው ጆሮዬ ላይ አረፈ። ከሁለተኛው በኋላ አፉ ሲንቀሳቀስ አያለሁ እንጂ አልሰማም ነበር። ስወድቅ በእግሩ ጎኔን አገኘኝ። አልተከላከልኩም። የደሜን ጨው ስቀምስ ደስ እንዳለኝ አስታውሳለሁ፤ የሚገባኝን እየከፈልኩ መስሎኝ። የሽማግሌውን እጅ ግን የሚመልስ ነገር አልነበረም።

ጆሮዬ ሲከፈት ሽማግሌው ከወለሉ ሆነው ይጮኻሉ። ስለ እኔ የሚጮኹ መስሎኝ ነበር።

«አትስበር! እሱ ሠላሳ ሰባቱ ሊሆን ይችላል! አንተ ልጅ፣ ተው!»

ወንድሜ ቫልቮቹን ከጠረጴዛው እያነሳ ነበር። አንዱን ከግድግዳው ጋር አላተመው። ጧ ብሎ ፈነዳ፤ ስብርባሪው አልጋዬ ላይ ዘነበ። ሁለተኛውን አስከተለ። ሦስተኛውን ሊወረውር ክንዱን እንዳነሳ የሽማግሌውን ደም ወለሉ ላይ አየ። ክንዱ ቀስ ብሎ ወረደ። ተንበረከከ።

«ጋሼ… ይቅር ይበሉኝ። እርስዎን አይደለም… ይህ ውሻ ነው ያሳሳተኝ።»

ሽማግሌው ቁስሉን በመሐረባቸው እየጠቀለሉ ነበር፤ ጫፉን በጥርሳቸው ሳቡት።

«ትራንስፎርመር የሚጠመጥም ሰው ከእርስዎ ሌላ የለም። ለነገ አይድረስ፤ ግድ የለም። ለሚቀጥለው እሁድ። እባክዎ ጋሼ፣ ከመዘምራኑ ያስወጡኛል።»

«ቀጭን ሽቦ ነው» አሉ ሽማግሌው። «ሺህ ጊዜ ይዞራል። በዚህ እጅ?»

«ሲድን።»

«ሲድንም። የጠመጠምኩትን ሌላ ሰው ነካክቶ ቢያበላሸው፣ አንተ የምታንቀው እኔን ነው።»

ወንድሜ የተከፈተውን የሳጥኑን ጀርባ መልሶ መግጠም ጀመረ። 

ሽማግሌው ተነሱ። መፈተሻቸውን ልይዝላቸው እጄን ዘረጋሁ። እጄን አዩት፤ እንዲሁ አለፉት። የተሰበረውን ዕቃ ራሳቸው ጠቅልለው በብብታቸው አስገቡና ወጡ። በራችን ከማጠፊያው ስለወረደ ከፍ ካላደረጉት አይገጥምም። እሳቸውም ከውጭ ሆነው በደህና እጃቸው ከፍ አድርገው ዘጉት።