ከማን ተማርሽ?

የድስት ጥላሸት ባየሁ ቁጥር እጄን ነጠላዬ ውስጥ እደብቃለሁ። ልጆቼ እርጅና ይመስላቸውና ይስቃሉ። እርጅና አይደለም፤ ሐፍረት ነው። እስከ ዛሬም ለማንም አልተናገርኩትም።

ያደግኩት መቀሌ ነው። አባቴ ከወሎ መጥተው ጨርቅ ይነግዱ ነበር። ከቤታችን ጀርባ ሼኽ ኑርዬ የሚባሉ፣ እሳቸውም የወሎ ሰው፣ ዐረብኛ ያስተምሩ ነበር። ቤታቸው አንዲት ክፍል ናት፤ መቀመጫው የፍየል ቆዳ፣ ግድግዳው ሙሉ የእንጨት ሰሌዳ። በዚያ በጣሊያን ጊዜ የሚገዛ ቀለም ከየት ይመጣል? የድስት ቂጥ ይፋቅና ጥላሸቱ ከግራር ሙጫ ጋር ይበጠበጣል። ሽታው፣ ጭስና እርጥብ እንጨት የተቀላቀለበት፣ አሁንም አፍንጫዬ ውስጥ አለ።

ጥላሸቱን ፍቄ የማመጣው፣ በር ሥር ተቀምጬም የምበጠብጠው እኔ ነበርኩ። ሴት ልጅ ከትንንሾቹ የቁርኣን ሱራዎች አልፋ እንድትማር የሚልክ አልነበረም። ሼኽ ኑርዬ ግን ወንዶቹን ሲያሰናብቱ አንድ ሰሌዳ ወደ እኔ ይገፉና «በይ አንቺስ?» ይሉኛል። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሦስት ዓመት ተማርኩ።

አንድ ደንብ ነበራቸው። ማንም ሰው ከማንበቡ በፊት ከማን እንደተማረ ይናገራል። «ከማን ተማርክ?» «ከሼኽ ኑርዬ።» «ሼኽ ኑርዬስ?» «ከእናታቸው ከዘሀራ።» አዲስ የመጣ ልጅ ሁሉ እዚህ ላይ ይስቃል።

«ከሴት?» አለ አንዱ አንድ ቀን፣ አፉን በእጁ ይዞ።

«አንተስ መናገር የተማርከው ከማን ነው? ከበቅሎ?» አሉት። ያን ቀን እሱ ራሱ ሳይቀር ሳቅን።

ታዲያ የሰፈሩ ልጃገረዶች «እጀ ጥላሸት! የሼኹ ገረድ!» እያሉ ያበሽቁኝ ነበር። አሸዋ ይዤ እጄን ብፈትግም ከጥፍሬ ሥር አይለቅም።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ የሰፈሩ ነጋዴዎች እኛ ቤት ተሰበሰቡ። ጉዳዩ ሼኽ ኑርዬ ነበሩ። ዐይናቸው ደክሟል፤ ሌላ አስተማሪ ይምጣ የሚሉ በዝተዋል። እሳቸውም ተጠርተው በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። በዚያው ዕለት ለአባቴ ከምጽዋ በዐረብኛ የተጻፈ ደብዳቤ ደርሷቸው ነበርና ለሼኽ ኑርዬ ሰጧቸው። ወደ ብርሃን አዘነበሉት፣ አራቁት፣ አቀረቡት። ዐይናቸውን አሹ። ሰዎቹ ተያዩ።

እኔ የእጅ ውሃ ይዤ ከሼኹ ኋላ ቆሜያለሁ። በትከሻቸው በኩል አየሁትና ሳላስበው ከአፌ ወጣ፤ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት።

አባቴ «ጓለይ፣ ልጄ፣ ከማን ተማርሽ?» አሉኝ። ሲደነቁም ሲቆጡም ትግርኛ ይቀናቸው ነበር።

ሼኽ ኑርዬ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። ፈገግ ብለዋል። መልሱን ያውቁታል፤ በየቀኑ ያስብሉኝ የለ! እኔ ግን የሰዎቹን ዐይን አየሁ፤ «የሼኹ ገረድ» የሚለውም ጆሮዬ ላይ ጮኸ። «ከማንም» አልኩ። «ወንዶቹ ሲያነቡ እየሰማሁ፣ በራሴ ነው።»

«ማሻአላህ! ያለ አስተማሪ!» አሉ ሰዎቹ። አንዱ ነጋዴ ሳቀና «እንግዲያ ወንዶቹም ያወቁትን ያወቁት በራሳቸው ይሆናላ!» አለ። ሁሉም ሳቁ። የሼኽ ኑርዬ መሰናበት በዚያ ሳቅ ተቆረጠ። ሼኽ ኑርዬ «እኔ ነኝ ያስተማርኳት» ቢሉ ማን ይከለክላቸው ነበር? አላሉም። በትራቸውን ፈልገው ተነሡ።

በነጋታው፣ ምን ልሁን ብዬ እንደሆነ እንጃ፣ ጥላሸቴን ይዤ ሄድኩ። ሰሌዳዎቹ ከግድግዳው ወርደው ታስረዋል። ይቆጡኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

«ጥሩ አነበብሽ» አሉኝ። «መጨረሻው ላይ ግን ቸኮልሽ፤ አትቸኩዪ ልጄ።»

ያመጣሁትን ጥላሸት በጨርቅ ቋጥረው ወደ ወሎ ከሚወርዱ ነጋዴዎች ጋር ሄዱ። ዳግም አላየኋቸውም።

እኔም በዚያች ውሸት ስም አተረፍኩ። እስከ ዛሬ ሰው ሲያስተዋውቀኝ «ራሷን ያስተማረች» ይላል፤ እኔም አንገቴን ሰበር አድርጌ እቀበላለሁ። ዛሬ ለልጆች ደብተሩም እስክሪብቶውም ሞልቷል፤ የማንም እጅ አይጠቁርም። ከማን ተማርክ ብሎ የሚጠይቅም የለም። የልጅ ልጄ ባለፈው አጠገቤ ተቀምጣ ስታነብ፣ መጽሐፏን በነጠላዬ ጫፍ ከድኜ «ከማን ተማርሽ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ከአንቺ ነዋ» አለችኝ።

«እኔስ?»

«አንቺማ በራስሽ!»

እጄን ከነጠላዬ አወጣሁ። «አይደለም» አልኳት። «እኔ ከሼኽ ኑርዬ። ሼኽ ኑርዬ ከእናታቸው ከዘሀራ። በይ ደግመሽ በዪው፤ አትቸኩዪ።»