የተረፈው ችቦ

በመስከረም አጋማሽ የጭራሮ ጭስ በመስኮት ሲገባ፣ ሲ.ኤም.ሲ ካለው ቤቴ ተነስቼ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደነበረው ግቢያችን በሐሳብ እመለሳለሁ።

የመስቀል ዋዜማ በእኛ ቤት የራሱ ደንብ ነበረው። ክረምቱ ወጣ ሲል ታላቅ እህቴ አልማዝና እኔ የእንጦጦን ዳገት ወጥተን፣ አደይ አበባ ቀጥፈን፣ ጭራሮ ተሸክመን እንወርድና፣ እሷ ለእያንዳንዳችን ችቦ ታስር ነበር። አመሻሽ ላይ አባዬ ሱቁን ዘግቶ ሲመጣ ትንሿን ደመራ ከበን፣ በየተራ ችቧችንን ለኩሰን፣ ዓመቱ የሰጠንን አንድ ነገር ጠርተን፣ «ተመስገን» ብለን እንጨምር ነበር። አባዬ አንዴ «ጣራው በእኔ በኩል ስላላፈሰሰ ተመስገን» ብሎ እማዬን እያሳቀ አናዷታል። እሷ ግን ሁልጊዜ የመጨረሻዋ ነበረች፤ ሁልጊዜም «ሁላችንም አለን፤ ተመስገን» ትል ነበር። እኔ «ያምናውን ደገመችው!» ብዬ ስከራከር፣ አባዬ በአገሩ ጭፈራ እየዘለለ ግቢውን አቧራ በአቧራ ያደርገው ነበር።

አንድ ዓመት፣ ሐምሌ ላይ፣ እማዬ ታማ አረፈች። ከዚያ ወዲያ አባዬ ተመስገን ማለት ተወ። ደንበኛ «እንዴት አደሩ?» ሲለው፣ ዱሮ «እግዜር ይመስገን» ይል የነበረው ሰውዬ «አለሁ» ብቻ ብሎ ስኳሩን መመዘን ይቀጥል ነበር። ለሌላው ቀላል ነገር ነው። እኔ ግን ከእግዜር ተጣልቶ እሱም እንዳይወሰድብኝ ፈርቼ፣ ሰው ሰላም ባለው ቁጥር አፍ አፉን አይ ነበር።

መስቀል ሲደርስ ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች «ሐዘንም ቢሆን ለልጆቹ ሲባል ደመራው ይቁም» ብለው አባዬን ለመኑት፤ እሱም እሺ አለ። አልማዝ ችቦዎቹን አምጥታ ስታድል አንዱ ተረፈ። እጇ ለምዶ የእማዬንም አስራው ነበር። ስታውቀው ደርቃ ቀረች።

አባዬ ተቀበላትና ለኮሰው፤ ለኩሶም እሳቱን እያየ ቆመ። ሁላችንም አለን እንዳይል፣ የለንም። እሳቱ ወደ እጁ ሲወርድ አልማዝ «አባዬ፣ ያቃጥልሃል፤ ጣለው» አለችው። ያን ጊዜ ደመራው ላይ ጨመረውና፣ ድምፁ እየተቆራረጠ፣

«ነበረችልን፤ ተመስገን» አለ።

የዚያን ቀን ማንም አልጨፈረም። እኔ ግን ከእግዜር ታረቀልኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ተኛሁ፤ ሲያለቅስ እያየሁት እንኳ አላዘንኩለትም።

ያ ግቢ ዛሬ የለም። አባዬንም የዘንድሮው ክረምት ወሰደብን። አሁን ደመራ የሚቆመው የሕንፃችን መኪና ማቆሚያ ላይ ነው፤ ጎረቤት ተሰብስቦ ፎቶ ይነሳል፣ ቶሎም ይበተናል። ትናንት አልማዝ ደውላ «የአባዬንም ልሰር?» አለችኝ።

«እሰሪው» አልኳት።

ማን እንደሚለኩሰው አልጠየቀችኝም። ያኔ «ተመስገን» የምትለዋ አንድ ቃል ከአባዬ አፍ እስክትወጣ ቸኩዬ ነበር። ዛሬ ጠዋት የሕንፃው ጥበቃ «እንዴት አደሩ?» ሲለኝ፣ «አለሁ» ብዬው አለፍኩ።