የአሥራ አራተኛው ቀን ስምንተኛ ወረቀት

በማዘጋጃ ቤቱ ሠላሳ አንድ ዓመት ያገለገለውን ሰው ሁሉም ባለመሰላሉ ይለዋል። ትክክለኛ ስሙን ሚስቱ ታውቀዋለች፤ የሠራተኞች መዝገብ የሚይዘው ሰውዬም ያውቀው ይሆናል፣ ያውም መነጽሩን ካደረገ። ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። በዋናው በር ግራና ቀኝ ሁለት የብረት መንጠቆዎች አሉ። በእነሱ መካከል የዕለቱን በዓል ባነር ይሰቅላል፤ በዓሉ ሲያልቅ አውርዶ፣ ጠቅልሎ፣ መጋዘን ያስገባል። በዚህ ሁሉ ዘመን ያልሰቀለው ምስጋና የለም። ነርሶችን አመስግኗል፣ መምህራንን አመስግኗል፣ ንቦችን ሳይቀር አመስግኗል። እሱን ግን አንድም ሰው አመስግኖት አያውቅም። ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም፤ ባነር የሚያነብ ሰው መሰላል አያይም፣ መሰላል ያየ ሰው ደግሞ እንዳይወድቅበት ብሎ ይሸሻል።

በበዓላት ክፍል ግድግዳ ላይ የዓመቱን ቀኖች በሳጥን በሳጥን የያዘ ሰሌዳ አለ። ለእያንዳንዱ በዓል አንዲት ወረቀት በቀኑ ሳጥን ውስጥ ትለጠፋለች። ስንቱ ቀን ባዶውን ተቀምጦ ሳለ፣ በአንደኛው ወር አሥራ አራተኛው ቀን ላይ ሰባት በዓል ተከምሯል። ከፊሉን አገር መርጦታል፣ ከፊሉን ዓለም መርጦታል፤ ሁለቱም ሳይጠያየቁ ያችኑ አንዲት ቀን ወደዋታል። የዓለም የንጹሕ እጆች ቀን፣ ብሔራዊ የችግኝ ቀን፣ የዓለም የደብዳቤ ቀን፣ ብሔራዊ የእንግዳ ተቀባይነት ቀን፣ ዓለም አቀፍ የዝምታ ቀን፣ ብሔራዊ የማርሽ ባንድ ቀን፣ በመጨረሻም ዓለም አቀፍ ሰዓት የማክበር ቀን። ወረቀቶቹ አንዱ ከአንዱ ሥር እየተለጠፉ ወርደው ሃያ አንደኛውን ቀን ጨርሶ ሸፍነውታል። በሃያ አንድ ምን ይከበር እንደነበር የሚያስታውስ ሰው ከጠፋ ቆይቷል፤ ገልጦ ለማየትም የደፈረ የለም።

የባለመሰላሉ የጡረታ ደብዳቤ ሲደርሰው የመጨረሻ የሥራ ቀኑ ያው አሥራ አራት ሆኖ አገኘው። ለሦስት ቀን ሲብሰለሰል ከርሞ ወደ በዓላት አስተባባሪዋ ሄደ። አስተባባሪዋ ከመጨረሻ ልጁ የምታንስ፣ ፈገግታዋ የማይጠፋ፣ ደንብ ግን እንደ ዓይኗ ብሌን የምትጠብቅ ወጣት ናት።

«ልጄ፣» አላት ቆቡን አውልቆ፣ «ከመሄዴ በፊት እዚያ አዳራሽ ውስጥ አንዴ ብቻ፣ በድምፅ ማጉያ፣ እናመሰግናለን በሉኝ። ሌላ የምለው የለኝም።»

«ጋሼ፣ እኔማ ደስ ይለኝ ነበር። ግን አዳራሹ በዚያ ቀን ተይዟል። ሰሌዳው ላይ የሌለ ነገር ደግሞ አዳራሽ አይገባም።»

«እና እኔም ልለጠፍ?»

ቀልዱን ነበር። እሷ ግን ቅጽና ሙጫ አቀበለችው። ቅጹ እንደማንኛውም በዓል ቅጽ ብዙ ይጠይቃል። «በስንት አገሮች ይከበራል?» ለሚለው «በአንድ» ብሎ ጻፈ። «የበዓሉ ተጠቃሚዎች» ለሚለው «እኔና ሚስቴ» አለ። «መሪ ቃል» የሚለው ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። ለሌላው ሲሰቅል የኖረውን ነገር ለራሱ ሊጽፈው አፈረ። በመጨረሻ ዓይኑን ጨፍኖ «ባለመሰላሉን እናመሰግናለን» ብሎ ጻፈና ስምንተኛዋን ወረቀት ከሰባቱ ሥር ለጠፋት። ሰዓቱ አሥር ተኩል ተባለ።

ሚስቱ ነገሩን ስትሰማ መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ ኮቱን አውጥታ መተኮስ ጀመረች። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ «አንድ ቀን ከዚያ መሰላል ወድቀህ ትመጣልኛለህ» እያለች ስትሰጋ የኖረች ሴት ናት፤ አዳራሹን ግን ከውስጥ አይታው አታውቅም።

«የኛ አሥር ሰዓት ተኩል ነው፣ ምን አስቸኮለሽ?» አላት በቀኑ ጠዋት፣ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ የክት ጫማዋን ስትጫማ አይቶ።

«ከጠዋት ጀምሬ እቀመጣለሁ። ወንበር ቢያዝብኝስ?»

እውነቷን ነበር። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ አዳራሹ ጢም አለ። የእንግዳ ተቀባይነት ቀን እንግዶች ዘግየት ብለው ስለመጡ ቦታ አጥተው ውጭ ቀሩ፤ ዘበኛው አዳራሹ ሞልቷል ብሎ በሩን በላያቸው ዘጋው። ባለመሰላሉ በየሰዓቱ እየወጣና እየወረደ ባነር ይቀያይራል። ከመሰላሉ ጫፍ ሆኖ በመስኮቱ አሻግሮ ሲያይ ሚስቱ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ቦርሳዋን ታቅፋ ተቀምጣለች።

የችግኝ ቀን ሊቀ መንበር ጭቃ በጭቃ በሆነ እጁ የንጹሕ እጆች ቀን ሊቀ መንበርን ሊጨብጥ ሲዘረጋ፣ ያኛው ሁለት እጁን ወደ ኋላ ሸሸገ። ሁለቱን ለማስታረቅ ሃያ ደቂቃ ሄደ። ከምሳ በኋላ ደግሞ ጉድ ፈላ። የዝምታ ቀን ሰዎች እስከ ማታ ድምፅ አይሰማም አሉ፤ የባንዱ መሪ በበኩሉ ቀኑ የኛ ነው፣ ካልነፋን ወይ ፍንክች አለ። አስተባባሪዋ ግራና ቀኝ ሮጣ አስማማቻቸው። ባንዱ ሙሉ ማርሹን ያለ ድምፅ ተጫወተ። ሠላሳ ሰው ጉንጩን ነፍቶ፣ ጣቱን እያንቀሳቀሰ፣ ከበሮውን አየር ላይ እየመታ አርባ ደቂቃ ቆየ፤ ሲጨርሱም ሕዝቡ እጁን ሳያገናኝ አጨበጨበ። የባለመሰላሉ ሚስትም አብራ አጨበጨበች። ዓይኗ ግን ከግድግዳው ሰዓት ላይ አልተነሣም።

አሥር ተኩል አለፈ። ባለመሰላሉ የተተኮሰ ኮቱን ለብሶ በአዳራሹ በር ላይ ቆመ። መድረኩ ላይ ሰዓት የማክበር ቀን ንግግር እየተደረገ ነው። ልክ አሥራ አንድ ሲሆን ተናጋሪው ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ አቆመ።

«የሥራ ሰዓት አብቅቷል፣» አለ ሰዓቱን እያሳየ። «ዛሬ እንኳ አንዲት ደቂቃ ብናሳልፍ ዓለም ይታዘበናል።»

ሰው ሁሉ ብድግ አለ። ባለመሰላሉ ዓይኑ እያየ ወንበሮቹ ባዶ ሆኑ፤ የድምፅ ማጉያው ተነቀለ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ አንዲት ሴት ብቻ ቀረች።

አስተባባሪዋ ፊቷ በእፍረት ቀልቶ መጣች። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ባነሩን እንኳ ይስቀሉት። ሪፖርቱ ስምንት በዓል ይላል፣ ያልተሰቀለ በዓል ደግሞ እንደተከበረ አይቆጠርም።»

ሌላ የሚሰቅል ስለሌለ ሰቃዩም እሱ፣ ተመስጋኙም እሱ ሆነ። ኮቱን አውልቆ ወጣ። ሚስቱ መሰላሉን በሁለት እጇ ያዘች። ላይ ሆኖ ገመዱን ቋጠረ።

«ባለመሰላሉን እናመሰግናለን፣» ብላ አነበበች ከታች፣ ጮክ ብላ።

«ብቻሽን ሆነሽ እናመሰግናለን ይባላል እንዴ?»

«ከመሰላሉ ጋር ነኝ።»

ወርዶ የባነሩን ቅጽ ፈረመ። ፊርማው ሁልጊዜም ሁለት ቋሚ መስመርና ሦስት አግዳሚ ናት፣ መሰላል። በማግስቱ የመታወቂያ ካርዱን መልሶ ቤቱ ገባ፤ ባነሩ እንደተሰቀለ ቀረ።

ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በባነሩ ቅጽ ሥር «የሰቀለው ሰው ብቻ ያወርዳል» የሚል ደንብ አለ። ዱሮ አንድ ባነር ጠፍቶ፣ የሰቀለው ያወረደውን፣ ያወረደው የሰቀለውን ሲወነጅሉ ከርመው የወጣ ደንብ ነው። በባለመሰላሉ ቦታ የተቀጠረው ሰውዬ ሊያወርደው መሰላል ሲያቆም ዘበኛው ቅጹን አምጥቶ «ይቺ ፊርማ ያንተ ናት?» አለው። አልነበረችም። መንጠቆው ደግሞ ሁለት ብቻ ነው።

እናም የዓለም የአፈር ቀን «ባለመሰላሉን እናመሰግናለን» በሚለው ሥር ተከበረ። ብሔራዊ የዓሣ አስጋሪዎች ቀንም፣ የጥርስ ጤና ሳምንትም እንዲሁ። ተናጋሪዎች መሪ ቃላቸውን ሲገቡ ከበሩ ላይ የመገልበጥ ልማድ ስላላቸው፣ በየመድረኩ በድምፅ ማጉያ «የዘንድሮ መሪ ቃላችን ባለመሰላሉን እናመሰግናለን የሚል ነው» እያሉ ያስተጋቡ ጀመር። አንዱማ ባለመሰላሉ ማን እንደሆነ ባያውቅም ስለ ሕይወቱ ሩብ ሰዓት ተናገረ። ሚስቱ ምንም አልቀራትም፤ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ቦርሳዋን ታቅፋ እየሰማች፣ ማታ ቤት ስትገባ ለባሏ ታወራለታለች። እሱ አላምን ብሎ ይስቃል፤ ከዚያ ደግሞ «እስቲ ድገሚልኝ» ይላል።

በአምስተኛው ወር ከበላይ ቁጣ መጣ። አስተባባሪዋ ራሷ ቤቱ ድረስ ሄደች።

«ጋሼ፣ ስለ እግዜር ብለው ይርዱኝ። ለአንዲት ቀን ብቻ ልዩ ፈቃድ አጽፌልዎታለሁ። መጥተው ያውርዱልኝ።»

ባለመሰላሉ እሺ ባይ ሰው ነው። ኮቱን ለብሶ፣ ሚስቱን አስከትሎ ሄደ። መሰላሉን አቆመ፤ እሷም ያዘችለት። ጉልበቱ እየተንቋቋ ወጣና እጁን ወደ ቋጠሮው ሰደደ። ከታች የባነሩን ቅጽ የያዘችው አስተባባሪዋ፣ ዘበኛውና አዲሱ ሠራተኛ አንጋጠው ይጠብቃሉ። በግራ በኩል ትንሽ ቆየ፣ ወርዶ መሰላሉን ወደ ቀኝ ወሰደ፣ እዚያም ትንሽ ቆየ። ከዚያ ወረደ። ባነሩ እዚያው ነው፣ እንዲያውም ተወጥሯል።

«ጋሼ፣ ምነው?» አለች አስተባባሪዋ።

«ገመዱ ላልቶ ነበር። አጠበቅሁት።»

ቅጹን ከእጇ ወሰደ። «የሰቀለው» ከሚለው ሥር፣ ከአሮጌዋ የመሰላል ፊርማ አጠገብ፣ ቀስ ብሎ ሙሉ ስሙን ጻፈ።