ባዳው ስልክ

ሥራ የጀመርኩ ቀን ጋሽ ታደለ የሰጡኝ መሣሪያ ሦስት ያረጁ ስልኮች ነበሩ። ማተሚያ ቤታቸው ባሕር ማዶ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከአንድ ልብስ ማጠቢያ በታች ምድር ቤት ውስጥ ነበር። እኔ የሄድኩት የአማርኛ ጽሑፍ አራሚ ልሆን ነው።

«የፊደል አራሚ አለኝ» አሉ። «አራሚ ያጣሁት ለዚህኛው ነው።» ጣታቸው በአንድ የሠርግ መጥሪያ ጥግ ላይ ባለው ኪውአር ኮድ ላይ ነበር።

ዕድሜዬን በሙሉ መጽሐፍ ሳገላብጥ ኖሬ፣ በመጨረሻ ሰው የተባለ ሁሉ የማያነበው ጽሑፍ አራሚ ሆንኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ካነበብኳቸው መጻሕፍት አንዳንዶቹም ከዚያ የተሻሉ አልነበሩም።

አሠራሩ ይህ ነው። ኮዱን በስክሪን ላይ አላምነውም፤ በሚታተምበት ወረቀት፣ በሚታተምበት መጠን አወጣዋለሁ። በደህናው ስልክ እሞክረዋለሁ፤ ከዚያ መስታወቱ በተሰነጠቀው። ቀጥሎ መብራቱን አደበዝዛለሁ፤ የሠርግ አዳራሾቻችን ጨለማ ናቸው። ሙሽሮች በጥቁር ወረቀት ላይ ወርቃማ ኮድ ይወዳሉ፤ ስልክ ግን አያነበውም። ይህን ለሙሽራ እናት ማስረዳት የሙያው ከባዱ ክፍል ነበር።

«ወርቅ ይሁን ብዬሃለሁ!»

«እትዬ፣ ስልኩ ወርቅ አያይም።»

«እንግዲያው ደህና ስልክ ግዛ!»

ሦስተኛው ስልክ መጨረሻ ላይ ይወጣል። ሲም የለውም፣ በማንም ስም አልተከፈተም። ኮዱ የሚወስደው ገጽ ለማይመለከተው ሰው ምን እንደሚያሳይ የሚነግረኝ እሱ ነው። ጋሽ ታደለ «ባዳው» ብለው ስም አወጡለት።

አንድ ሐሙስ ሄኖክ የሚባል ደንበኛችን ከስካይላይን ሰፈር እየተጣደፈ መጣ። አክስቱ ደብረ ብርሃን ዐርፈዋል። የሟቿ ልጅ የሺ እዚሁ አጠገባችን አሌክሳንድሪያ አውቶቡስ ትነዳለች፤ አልሰማችም። ቅዳሜ ማለዳ ሊያረዷት ቤተሰቡ ተስማምቷል፤ እስከዚያ ማንም ትንፍሽ አይልም። ሊያሳትም ያመጣው ካርድ የሚታደለው አርብ፣ ለሚያረዷት ሰዎች ነው። መኪና አቁመው የሚጠባበቁበትን ፓርኪንግ ይናገራል፤ አንድ ላይ እንዲገቡ። ኮዱ ደግሞ አቅጣጫውንና የሟቿን ፎቶዎች ይከፍታል።

«ቼክ አድርጌዋለሁ ወንድሜ፣ ዝም ብለህ ፕሪንት አድርገው» አለኝ።

በእሱ ስልክ እውነትም ተከፈተ። ባዳው ግን አንድም ፎቶ አላሳየኝም። «ስምዎን ጽፈው የአልበሙን ባለቤት ያስፈቅዱ» የሚል ቁልፍ ብቻ አወጣ። ከቁልፉ በላይ የአልበሙ ባለቤት ስም አለ፤ የሺ።

ጣቴን አነሳሁ። «ሄኖክ፣ ይሄ የማን አልበም ነው?»

«የእሷ። የቤተሰቡ ፎቶ በሙሉ እሷ ጋ ነው ያለው። እኔንም ድሮ አስገብታኛለች፣ ስለዚህ እዚያው ውስጥ…» ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

አርብ ያ ሁሉ ሽማግሌ ኮዱን ነክቶ ስሙን ሲጽፍ፣ እገሌ የእናትሽን ፎቶ ለማየት ፈቃድ ጠየቀ እያለ ስልኳ ሊጮህ ነው። አንዱ ጥያቄ ግራ ያጋባታል፤ አምስተኛው ያረዳታል። ያውም የአውቶቡስ መስመሯ መጨረሻ ላይ፣ ስልኳን ገረፍ አድርጋ አይታ መሪ ልትጨብጥ ስትል።

ጋሽ ታደለ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ። «አንተ አይደለህ እንዴ መርዶ መደበቅ ኋላ ቀርነት ነው እያልክ የምታደርቀን?»

«ነኝ። ሰው የእናቱን ሞት በሰዓቱ መስማት አለበት።»

«ታዲያ ተወዋ!»

«ከሰው ነዋ የሚሰማው ጋሼ! ከዕቃ ነው እንዴ?»

ሳቁ። ሄኖክ ፎቶዎቹን ከኮዱ አስወጣ። ኮዱ የፓርኪንጉን ካርታ ብቻ እንዲከፍት አደረግን። ባዳው ማንንም ሳያስፈቅድ ከፈተው፤ የየሺም ስም የትም አልነበረም። ያኔ አተምነው።

ቅዳሜ እኔና ጋሽ ታደለም ሄድን። ፓርኪንጉ ውስጥ ያ ሁሉ ጥቁር ለባሽ በየመኪናው ተቀምጦ ቁርስ ሊገዛ የመጣ ለመምሰል ይሞክራል። አንድ ላይ ሄደን አንኳኳን። የሺ በሩን ስትከፍት መጀመሪያ ጋሽ ታደለን፣ ቀጥሎ ከኋላቸው ያለውን ሰው ሁሉ አየች።

«ማንን ነው የምታረዱኝ?» አለች።

ነገሯት። ደግፎ የያዛት እጅ ብዙ ነበር። መርዶ መደበቅን አሁንም እቃወማለሁ፤ ያን እጅ ግን አልቃወምም።

ለአርባው መታሰቢያ ካርድ ልታሳትም ራሷ መጣች። የአልበሙ ኮድ እንዲገባ ፈለገች። «የፈለገ ሁሉ ይያት» አለችኝ፤ «ማንም እኔን አያስፈቅድ።»

ባዳውን አውጥቼ ኮዱን አነበብኩት። አንዲት ወይዘሮ፣ ደጃፋቸው ላይ ቆመው፣ ፀሐዩን በእጃቸው ከልለው ትክ ብለው አዩኝ። የሺ ስልኩን ከእጄ ወስዳ የእናቷን ፎቶ አጎላችው። ጋሽ ታደለ ማሽኑን አስነሱ።

ኮድ መነበቡን ማረጋገጥ የሥራው ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ፣ ሲነካ ማን ጋ እንደሚጮህ ሳይታተም ማወቅ ነው።