ውሃ የጠጣው ቀይ ትራክተር

የናፍጣ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ እስከ ዛሬ ፊቴ ይግላል። እዚህ ዓረብ አገር፣ ኦዛይ መንገድ ዳር ባሉት ጋራዦች ባለፍኩ ቁጥር ትዝ የሚለኝ አቡ ኤልያስ ነው፤ እናቴ አስካለ በሠራተኝነት የኖረችበት ቤት ባለቤት፣ የሹወይፋት ሰፈር የወይራ ገበሬ። እኔም ያደግሁት እዚያው፣ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍላችን ነው።

በዘጠናዎቹ፣ በዚያ ሰፈር ገበሬ የሚታወቀው በትራክተሩ ቀለም ነበር። አቡ ኤልያስ የቀይ፣ ጎረቤቱ አቡ ፋዲ የሰማያዊ ሰው ነበሩ፤ ክርክራቸው የሃይማኖት ጠብ ይመስል ነበር። አቡ ኤልያስ ደግሞ ትራክተሩን መካኒክ አያስነካም። «ትራክተሩን ለሰው እጅ የሚሰጥ ገበሬ፣ ሱሪውንም ሰው ያስታጥቀው» ይል ነበር። በሽቦ ያስራል፣ በመዶሻ ያቃናል፣ ደግሞም ይሄድለታል።

አንድ ዓመት ግን፣ ዝናቡ እንዳባራ፣ ሞተሩን ፈታታና መልሶ ሲገጥመው ትርፍ ብሎኖች እጁ ላይ ቀሩ። ትራክተሩ አልነሳም አለ። መሬቱ ሳይደርቅ ካልታረሰ የዓመቱ ወይራ ዋጋ የለውም። ሰውየው ምግብ አስጠላው። በመጨረሻ እናቴን ጠራት፤ ዓይኗን ግን አላያትም።

«አስካለ፣ ሂጂና አቡ ፋዲን ትራክተሩን ላክልን በይው። ያኒ... ማለቴ፣ አንቺ ጠይቂው። ያላ፣ ቶሎ በይ።»

እጄን ይዛ ሄደች። አቡ ፋዲ ከወዳጆቹ ጋር ግቢው ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ሲሰማ ከት ብሎ ሳቀ።

«ጌታሽ የፈታውን መግጠም አቃተው በይኛ!»

እናቴ እንጀራ የበላችበትን ቤት ገመና አደባባይ የምታወጣ ሴት አልነበረችም። መሬት መሬት እያየች «የለም» አለች። «ናፍጣ መስሎኝ ውሃ የጨመርኩበት እኔ ነኝ።»

ሳቁ ወደ እሷ ዞረ።

በማግስቱ ሰማያዊው ትራክተር መጥቶ አረሰልን፤ ወሬው ግን ቀድሞት ሰፈሩን አዳርሷል። ከዚያ በኋላ እንግዳ በመጣ ቁጥር ማዕድ ላይ ይነሳል። እናቴ ሳህን ታነሳለች፣ እንግዶቹ ይስቃሉ፣ አቡ ኤልያስ አንገቱን ደፍቶ ዳቦውን ይቆራርሳል። አንድም ቀን «የኔ ጥፋት ነው» አላለም። ስለ ቀዩ ትራክተር መፎከሩን ብቻ ተወ። እኔ ከበሩ ኋላ ቆሜ አፍር ነበር፤ በሷ ይሁን በሱ ለይቼ አላውቅም።

ባለፈው ዓመት ሹወይፋት ሄጄ ነበር። አቡ ኤልያስ ሞቷል፤ ወይራው ተነቅሎ ፎቅ ተሠርቶበታል። የአቡ ፋዲ ልጅ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ትኩር ብሎ አየኝና ሳቀ።

«አንቺ የዚያች ሐበሻ ልጅ አይደለሽም? ትራክተሩን ውሃ ያጠጣችው?»

አቡ ኤልያስ ትቶልን የሄደው ይህችን ወሬ ነው።

«አዎ፣ የሷ ልጅ ነኝ» አልኩት፣ እንደ እናቴ መሬት መሬት እያየሁ።