የአዴ ኮምፒውተር ዝም ያለ ሰሞን

ቢሮ የሚባል ነገር ያንገሸግሸኛል። ዛሬም አንድ መሥሪያ ቤት ገብቼ ያ የአቧራና የአሮጌ ፋይል ሽታ ሲቀበለኝ ፊቴን አዙሬ ልመለስ ይቃጣኛል። ነገሌ ተወልጄ ነገሌ ነው ያደግሁት። አባቴ ከሰሜን በአስተማሪነት ተመድቦ መጥቶ እዚያው ቀረ፤ እኔ ደግሞ ኮምፒውተር ተምሬ እዚያው ከተማ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጠርኩ። ዓመታት ሠርቻለሁ። ሰው አንድን ነገር ሲጠላ ምክንያት ይኖረዋልና የኔን ልናገር፣ ምንም እንኳ መጨረሻው ለኔ የማያምር ቢሆንም።

እኛ ቢሮ አንዲት ዓይነ ስውር ሴት ነበሩ። በስማቸው የሚጠራቸው አልነበረም፤ ትንሹም ትልቁም «አዴ» ነው የሚላቸው፣ በእኛ አገር ለተከበረች ሴት የምንለው የኦሮምኛ ቃል ነው። የአሬሮ ወረዳ ልጅ ናቸው። በሕፃንነታቸው ኩፍኝ ዓይናቸውን ወሰደው። አዳሪ ትምህርት ቤት ገብተው ተማሩ፣ ኮሌጅ ጨረሱ፣ ከዚያ ደብዳቤ አርቃቂ ሆነው እኛ ጋ ተቀጠሩ። እጃቸው ኪቦርድ ላይ ሲሄድ ለማየት ሰው ከሌላ ክፍል ይመጣ ነበር። አንድ ኃላፊ ግማሽ ቀን ተጨንቆ የማይወጣውን ደብዳቤ እሳቸው ሰውዬው ተናግሮ ሳይጨርስ ጽፈው ያወጡታል።

ኮምፒውተራቸው ላይ ስክሪን ሪደር የሚባል ፕሮግራም ነበረ፤ ስክሪኑ ላይ የተጻፈውን ሁሉ በድምፅ የሚያነብ። ድምፁ የእንግሊዝኛ ነው። ኦሮምኛ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ እንደ ምንም ብሎ ያነበዋል፣ ግን አፉን እያጣመመ፣ ትናንት ከአውሮፕላን የወረደ ፈረንጅ ሆኖ። እኔ ስስቅ አዴ «ተወው፣ እኔና እሱ ተግባብተናል» ይላሉ። የአማርኛ ደብዳቤ ሲመጣ ግን ፊደሉን ስለማያውቀው ዝም ብሎ ያልፈዋል። ያኔ እኔን ያስጠሩኛል፣ ሄጄ አነብላቸዋለሁ። ጠዋት ስገባ መጀመሪያ የማልፈው በሳቸው በር ነው። «አካም ቡልታኒ፣ አዴ?» ብዬ እንዴት እንዳደሩ እጠይቃለሁ፤ «ናጋ፣ ሰላም ነው ልጄ» ይሉኛል።

እንግዲህ ድልድል መጣ። የመንግሥት ሠራተኛ የሚፈራው ቃል ነው። መዋቅር ተቀይሯል ይባልና ሁሉም ለገዛ ወንበሩ እንደ አዲስ ይወዳደራል፤ የተሸነፈው «ተንሳፋፊ» ይባላል። ተንሳፋፊ ከሆንክ የሥራ መደብ የለህም፣ ክፍልም የለህም፣ ግን ጠዋት መጥተህ ትፈርማለህ። ከዚያ ግቢው ውስጥ ግራር ሥር ትቀመጣለህ፤ ሲፈልጉ ራቅ ወዳለ ወረዳ ይልኩሃል። ሃያ ዓመት የሠራ ሰው እንደ ተሰበረ ወንበር ግቢ ተጥሎ ማየት ያቅለሸልሸኛል። ለአዴ ደግሞ ነገሩ ከሌላው ይከፋ ነበር። ከቤታቸው እስከ ቢሯቸው ያለውን መንገድ በእግራቸው ቆጥረው ስለሚያውቁት ማንም ሳይመራቸው ይመጣሉ። «ሌላ ወረዳ ላኩኝ ማለት ዳግመኛ ዓይኔን አጠፉብኝ ማለት ነው» ብለውኝ ነበር።

በዚያ ድልድል ፈተናው በኮምፒውተር ነው ተባለ። የቢሮው ኔትወርክ እስከ አዳራሹ ተዘርግቶ እዚያ ኮምፒውተር ተደርድሯል፤ ጥያቄው ሰርቨር ከሚባለው ዋና ኮምፒውተር ይመጣል፣ መልሱም ወደ ሰርቨሩ ይሄዳል። የአዴ ኮምፒውተር እስከዚያ ድረስ ከኔትወርኩ ውጪ ነበር። በለመዱት ኮምፒውተር ይፈተኑ ብዬ ኬብል ስቤ ከሌሎቹ ጋር ያገናኘሁላቸው እኔ ነኝ። በማግስቱ ዝም አለ።

ፕሮግራሙ ይከፈታል፣ ድምፅ ግን የለም። ድምፅ የሚያወጣውን፣ ድራይቨር የሚባለውን ፕሮግራም አጥፍቼ መልሼ ጫንኩ፤ ተናገረ። አዴ አጨበጨቡልኝ። ከምሳ ስመለስ ዝም ብሏል። ቫይረስ ይሆናል ብዬ ፎርማት አደረግኩት፤ በእኛ ሙያ የጨነቀው ሁሉ ፎርማት ያደርጋል። እንደገና ተናገረ፣ እንደገና ዝም አለ። ተሸክሜ ወደ ክፍሌ ወስጄ ከሰዓቱን ሙሉ ሳስነብበው ዋልኩ፤ ምንም አልሆነም። መልሼ ጠረጴዛቸው ላይ አድርጌ፣ ኬብሉን ሰክቼ፣ ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ጸጥ ብሏል። «ሶኬታቸው ነው» ብዬ ደመደምኩ። አሁን ሳስበው በገዛ ጭንቅላቴ አፍራለሁ።

ምናልባት የሚያዳምጡበት ኢርፎን ተበላሽቶ ይሆናል ብዬም አዲስ ልጠይቅ ንብረት ክፍል ሄድኩ። የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ «ኢርፎን ዘፈን መስሚያ ነው፤ በመንግሥት ንብረት ዘፈን አይሰማም» አለኝ። ለአዴ ነው፣ ሥራቸውን የሚሠሩት በሱ ነው ብዬ ባስረዳው «የንብረት መጠየቂያ ሞዴል 20 ሙላና የቢሮው ኃላፊ ይፈርሙበት» አለ። ኃላፊው ለመስክ ሥራ ቡሌ ሆራ ሄደዋል። ኢርፎኑ ከበስተኋላው መደርደሪያ ላይ ከነላስቲኩ ተቀምጦ ይታየኛል፣ አቧራ ለብሶ። እጁን ቢዘረጋ ይደርስበታል። አልዘረጋም። ያን ስንጥር ከአፉ ነጥቄ ልወረውረው ምንም አልቀረኝ፣ ግን ባዶ እጄን ወጣሁ።

ከሱ ይልቅ የከፋኝ የባልደረቦቼ አፍ ነው። «ምን አስጨነቃቸው፣ ቤታቸው ቢቀመጡስ?» የሚል አለ። «የማይነካ ቁልፍ ነክተው ነው» የሚል አለ፣ ያውም ራሱ ፋይሌ የት ገባ እያለ በቀን ሦስቴ የሚያስጠራኝ ሰው። ኃላፊው ከመስክ ሲመለሱ ነገርኳቸው፤ የድልድል ኮሚቴው ሰብሳቢም እሳቸው ናቸው። «ይሄማ ቀላል ነው፤ ሰው ያንብብላቸው» አሉ። የተመደበችው አንባቢ ማን ሆነች ብትሉ፣ ለዚያው ለአዴ ወንበር የምትወዳደረው ጸሐፊ። ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ቀና ብሎ ይሄ ነውር ነው ያለ አንድ የኮሚቴ አባል አልነበረም።

አዴ ሲሰሙ ሳቁ። ያ ሳቅ እስካሁን ይቆጠቁጠኛል። «አይሆንም» አሉኝ፣ «የምፈተነው በራሴ ጆሮ ነው። አንተ ብቻ አስተካክልልኝ።»

«አይዞዎት አዴ፣ አስተካክለዋለሁ» አልኳቸው።

የፈተናው ቀን ጠዋት ድራይቨሩን እንደገና ጫንኩ፣ ተናገረ። ኮምፒውተራቸውን አዳራሹ ጥግ ላይ አስቀምጬ የራሴን ኢርፎን ሰጠኋቸው። ሲጀምሩ ጣታቸው እንደ ልማዱ በረረ። ሌላው የመጀመሪያው ገጽ ላይ አፍጥጦ ሳለ እሳቸው ግማሹን ጨርሰዋል። ከዚያ እጃቸው ቆመ። ኢርፎኑን ጆሮአቸው ላይ ጫን አደረጉት፣ አንድ ቁልፍ ነኩ፣ ደግመው ነኩ፣ እጃቸውን አነሱ። ሮጬ ሄጄ ሪስታርት ላደርገው ስል ኃላፊው «ቶሎ በል፤ ሰዓት አይቆምም፣ ሌላውንም አትረብሽ» አሉኝ። ኮምፒውተሩ ተነሥቶ እስኪከፈት አዴ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጠበቁ። ተከፈተ፤ ድምፅ የለም። የቀረውን ሰዓት እዚያው ቁጭ ብለው ቆዩ፣ የማያዩት ስክሪን ፊት ለፊት። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ዱላቸውን ፈልገው አነሱና ተነሡ። «ደከምክ፣ ልጄ። አመሰግናለሁ» ብለውኝ ወጡ።

ውጤቱ ሲለጠፍ ከማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። ተንሳፋፊ። ከማግስቱ ጀምሮ ግራሩ ሥር መቀመጥ ጀመሩ። በዚያ ፀሐይ፣ በዚያ ዝንብ፣ ትናንት ደብዳቤ ጻፉልኝ እያለ ደጅ ሲጠናቸው የነበረው ሁሉ ድምፁን አጥፍቶ፣ እግሩን እያቀለለ ያልፋቸዋል፤ እንዳይሰሙት። ይሄን በዓይኔ አይቻለሁ። አዴ ግን አርፈው አልተቀመጡም፤ አቤቱታ አስገቡ። ኮሚቴው ብልሽቱ ከምን እንደመጣ የሙያ ሪፖርት አቅርብ ብሎ እኔን አዘዘ።

ሪፖርቱን ልጽፍ ብዬ ሰርቨሩን ከፍቼ አንድ በአንድ ሳየው አንድ የድሮ ትእዛዝ አገኘሁ። ያዘዝኩት እኔ ነኝ፣ ጨርሶ ረስቼው ነበር እንጂ። ከዓመት በፊት ከክልል እንግዶች የመጡ ቀን አንዱ ሠራተኛ የሠርግ ዘፈን ከፍቶ ዘፈኑ ስብሰባ አዳራሽ ድረስ ተሰምቶ ነበር። ኃላፊው አፈሩና «ከእንግዲህ ከኮምፒውተር ድምፅ የሚባል ነገር አልስማ» አሉ። እኔም በየክፍሉ መዞር ስለታከተኝ ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥኩ ከሰርቨሩ ላይ አንድ ትእዛዝ ሰጥቼ በኔትወርኩ ያለውን የኮምፒውተር ሁሉ ድምፅ ዘጋሁ። ሰርቨሩ ያንን ትእዛዝ በየጊዜው ለሁሉም ደጋግሞ ያስተላልፋል፤ እኔ ድምፅ ስከፍት እሱ ቆይቶ ይዘጋል። የአዴ ኮምፒውተር ያኔ አልተነካም፣ ኔትወርክ ላይ አልነበረማ። ኬብሉን ስሰካላቸው ነው ትእዛዙ የደረሰው። የሌሎቹ ዓመት ሙሉ ዝም ብሎ ሲኖር ማንም ልብ አላለውም፣ ማንም በጆሮው አይሠራማ። የራሴን ኮምፒውተር ደግሞ ከትእዛዙ አውጥቼው ኖሯል፣ ዘፈን እሰማበት ስለነበር።

እስከዚያ ድረስ በንብረት ክፍሉ ስንጥር፣ በባልደረቦቼ አፍ፣ በኮሚቴው ስጸየፍ የከረምኩ ሰው ነኝ። አሁን ምን ላድርግ? የኔም ድልድል ገና አልጸደቀም፤ ይሄ ከታወቀ ግራሩ ሥር የምቀመጠው እኔ ነኝ። ማንም አላስፈራራኝም፣ ማንም እንዲህ ብለህ ጻፍ አላለኝም። «በመብራት መዋዠቅ ምክንያት የተፈጠረ ጊዜያዊ ብልሽት» ብዬ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ፣ ማኅተም አስመታሁ። ኮሚቴውም የመብራት ችግር ሁሉንም ተፈታኝ እኩል የሚነካ ስለሆነ ብሎ አቤቱታውን ውድቅ አደረገው።

ከጥቂት ቀን በኋላ አዴ ወደ ክፍሌ መጡ። በእጃቸው የሪፖርቱን ግልባጭ ይዘዋል። «ወረቀት ነውና የኔ ፈረንጅ አያነበውም። አንተ አንብብልኝ» አሉ። አነበብኩላቸው፣ እስከ ፊርማው።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ያን ቀን መብራት አልጠፋም፣ አልተርገበገበምም። ከራሴ በላይ ማራገቢያው አንድ ዓይነት ሲዞር እስክወጣ ድረስ ይሰማኝ ነበር።»

እንደ ሕፃን ነገሩን ሁሉ ዘረገፍኩላቸው፤ ዘፈኑን፣ ትእዛዙን፣ ኬብሉን፣ ፍርሃቴን። አልጮኹም። ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር።

«ያንተ ኮምፒውተር ድምፅ አለው?» አሉ።

«አለው» አልኩ። በሕይወቴ እንዲህ ያፈርኩበት መልስ የለም።

«እንግዲያው ተነሥልኝ» ብለው ወንበሬ ላይ ተቀመጡ። ፕሮግራሙን የያዘውን ፍላሽ ከቦርሳቸው አውጥተው ሰጡኝ፣ ሰካሁት። «በል፣ ንገረኝ፣ እጽፈዋለሁ» አሉ። እኔ ቆሜ ተናገርኩ፣ እሳቸው ጻፉ። አንድ ቦታ ላይ ለማለሳለስ «በሥራ ብዛት ምክንያት» ስል ጣታቸውን አቆሙ። ያንን ትቼ ቀጠልኩ። ሲጨርሱ ያ ፈረንጅ ድምፅ ክፍሉን ሞላው፤ የኔን ጥፋት በተጣመመ ኦሮምኛ፣ ስሜን ጭምር፣ ምንም ሳይደብቅ አነበበው። ኮሪደሩ ላይ ሰው ቆሞ ይሰማል። ሁለት ጊዜ አስነበቡት። አትሜ ስፈርም እጃቸውን ወረቀቱ ጠርዝ ላይ አድርገው የብዕሩን ድምፅ ጠበቁ።

ትእዛዙን ከሰርቨሩ ሰረዝኩ፤ ወረቀቱ ገብቶ ኮሚቴው አማራጭ ሲያጣ አዴን በድጋሚ ፈተናቸው፤ ወንበራቸውን መልሰው አገኙ። የኔም ቅጣት ወዲያው ተወሰነ፣ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ። ደብዳቤ የሚያረቅቁት እሳቸው ናቸውና ያንን የጻፉት ራሳቸው ናቸው። ኃላፊው «ሆን ብሎ ድምፁን ዘጋ» በሉበት ብለዋቸው አልልም እንዳሉ ኋላ ሰማሁ። የጻፉት እንዲህ ይላል፤ ድምፁን የዘጋው ሳያውቅ ነው፣ የዋሸው ግን አውቆ ነው። ደብዳቤው ቤቴ አለ። አንድም ሐሰት ስለሌለበት አውጥቼ ማንበብ ያስጠላኛል።