«ዛሬ አትብዪ»

ባለፈው እሁድ ሳን ሆዜ፣ እህቴ ሶስና ቤት ምሳ ተጋብዤ ነበር። የስድስት ዓመት ልጇ ትንሽ ቀመስ አድርጋ እጇን ሰበሰበችና «አይም ፉል፣ አክስቴ» አለችኝ። ልማድ ሆኖብኝ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልዬ ወደ አፏ ሰደድኩ። ሶስና እጄን ቀስ ብላ ያዘችው።

«ተያት። ጠገብኩ ካለች ጠግባለች።»

ጉርሻውን ራሴ ጎረስኩት።

ኦክላንድ ስንኖር እኔ አሥራ ሰባት፣ ሶስና አሥራ አራት ዓመታችን ነበር። አባዬና እማዬ በአንድ ጣሪያ ሥር ተኮራርፈው ይኖሩ ነበር። «ለአባትሽ ንገሪው»፣ «ለእናትሽ ንገሪያት» እየተባልን ከሳሎን ወጥ ቤት እንመላለሳለን። አባዬ ወጥ ቤት ቆሞ ይበላል፤ እኛ ከእማዬ ጋር ትሪ እንከባለን። በአንድ ትሪ ሲበላ ማን ምን ያህል እንደበላ አይታወቅም። ሶስና እንጀራዋን ቆራርሳ ወደ እኔ ስትገፋ የማያት እኔ ብቻ ነበርኩ። የእማዬ ምስር ወጥ ደግሞ ይጣፍጣል፤ እበላላት ነበር።

ኅዳር ላይ፣ ዝናቡ ሲጀምር፣ ትምህርት ቤት ራሷን ስታ ወደቀች። ሐኪሟ ቤተሰቡ አብሮ ተቀምጦ ይብላ አለች። አባዬ ከስንት ጊዜ በኋላ ከእማዬ ጎን ተቀመጠ። እማዬ ጨው በዝቶበት እንደሆነ ጠየቀችው፤ ደህና ነው አላት። ለእኔ ሠርግ ነበር።

ሶስና ቀስ በቀስ መብላት ጀመረች። ይኼኔ አባዬ ሳህኑን ይዞ ወደ ወጥ ቤቱ ተመለሰ። በማግስቱ ከአውቶቡስ ወርደን በካፊያ ወደ ቤት ስንሄድ፣ «ዛሬ አትብዪ» አልኳት።

«ለምን?»

«አባዬ እንዲመጣ።»

አልተከራከረችኝም። አልበላችም፤ አባዬም መጣ። እኔ ያን ቀን እስክጠግብ በላሁ። ከዚያም በኋላ ስንት ቀን እንዲሁ አልኳት። በጥር ሆስፒታል ተኛች።

ዛሬ አርባን አልፌያለሁ። ሰው ሲጠይቀኝ የወላጆቻችን ኩርፊያ ጎዳት እላለሁ። ውሸት አይደለም፤ ግን የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ነው። እነሱ የሚሆነውን አላዩም። እኔ አይቻለሁ።

እሁድ ሶስና ስትሸኘኝ በሩ ላይ ቆሜ ይህን ልነግራት አፌን ከፈትኩ። እሷ ግን ከምሳው የተረፈውን በፌስታል ቋጥራ አስያዘችኝ።

«ምንም አልበላሽም እኮ። ቤት ስትደርሺ ብዪ» አለችኝ።

እሺ ብዬ ተቀበልኳት። እስከ ኦክላንድ ድረስ ስነዳ ምግቡ አጠገቤ ወንበሩ ላይ ነበር፤ ዞሬ ላየው አፈርኩ።